አንገትዎን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እንዲያዞሩልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የአስተማማኝና ዘላቂ የከተማ ጉዞ የሙከራ ፕሮግራም ዋና ዳይሬክተር
ጊጊሪ፣ ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ሞተር ሳያጠፋ በር ላይ የሚጠብቅዎት ሾፌርዎም እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአንገትዎ ጤንነት እመኛለሁ። አንገትዎን ለይቼ ለምን እንዳነሳሁ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት መመሪያዎ ስለፈቀደልኝ ነው። የማኅበረሰብ ተወካይ ቅሬታውን በሚቀለው ቋንቋ ማቅረብ ይችላል ይላል። በእንግሊዝኛ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አማርኛዬን አሥመራ ውስጥ በልጅነቴ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው፤ በአለንጋ የገባ ቋንቋ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ሻካራ ቢሆንብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቅጂውን ለጎረቤቴ ለአብዱልፈታ ሰጥቼዋለሁ፤ ኢስሊ ባለው የጨርቅ ሱቁ በር ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ መጋረጃ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያነብልዎታል።

ስሜ ሰናይ ተወልደመድህን ይባላል። ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ፣ ካሳራኒ፣ በኪራይ ፎቅ ቤት የምኖር፣ ዕድሜዬ ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነኝ። በፕሮግራምዎ ላይ የሰፈራችን እግረኞች ተወካይ ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። እግረኛ ግን አይደለሁም። መኪና አለኝ። ዳቦ ቤቱ ከቤቴ መስኮት ይታያል፤ እስከዚያም በመኪና ነው የምሄደው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት የእግረኞች ተወካይ ሊሆን ቻለ ብለው እንዳይጨነቁ የመጀመሪያው ቅሬታዬ እሱ ነው።

አንደኛ፤ ስለ መመረጤ።

የካሳራኒ እግረኞችን ችግር ለማዳመጥ የተጠራው ስብሰባ ፓርክላንድስ በሚገኝ አዳራሽ እንዲሆን ስለወሰኑ ከልብ አመሰግናለሁ። ከካሳራኒ ፓርክላንድስ በእግሩ የሚደርስ ሰው የለም፤ ስለዚህ የእግረኛው ችግር ማንም አፉን ሳይከፍት ተረጋገጠ።

በዚያን ዕለት ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ አብዱልፈታና ወይዘሮ ጽገወይኒ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ወይዘሮ ጽገወይኒ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ እንደኔ ከአሥመራ የመጡ፣ ባላቸውን እዚሁ የቀበሩ አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አደይ ይላቸዋል፤ በእኛ አገር እናቴ እንደማለት ነው። ሁለቱም ወደ ስብሰባው ሊሄዱ ነበርና ግቡ፣ አብረን እንሂድ አልኳቸው። አይ፣ አናስቸግርህም አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ ግብዣ ሦስት ጊዜ ካልተደገመ ግብዣ አይባልም፤ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፣ መልሱ የሚሰማው በሦስተኛው ነው። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰው እያለሁ፣ ሰዓቱ ረፍዶብኝ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጋብዤ ሄድኩ። ስለ ዘላቂ ጉዞ ለመወያየት አራት ባዶ መቀመጫ ይዤ ከተማውን አቋረጥኩ።

እነሱ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ይዘው፣ ወርደው፣ ሌላ ማታቱ ይዘው እስኪደርሱ ምርጫው አልቆ ነበር። ከሰፈራችን በሰዓቱ የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ያለ ተቃዋሚ ተመረጥኩ። አንጸባራቂ ሰደርያና የብስክሌት ደወል ተሸለምኩ። ብስክሌቱ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ደወሉን ከመኪናዬ ቁልፍ ጋር አስሬዋለሁ፤ ሞተሩን ባስነሳሁ ቁጥር ቂል ይላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀስቱ።

ከምርጫው በኋላ ባልደረቦችዎ ጠረጴዛ የሚያክል ወረቀት ዘረጉልን። ማኅበረሰቡ የራሱን መሻገሪያ ራሱ ይንደፍ ተባለ። ማኅበረሰቡ በዚያ ሰዓት እኔ ነበርኩ።

እስክሪብቶውን ስይዝ ምን እንደመጣብኝ ልንገርዎ። ልጅ ሳለሁ አሥመራ ትምህርት ቤታችን ነጭ ጓንት ያደረገ የትራፊክ ፖሊስ ይመጣ ነበር። በሰልፍ አቁሞ፣ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ እያስባለ ያዘምረን ነበር። የተማርኩትን አልጀብራ ረስቻለሁ፤ ይህን አልረሳሁም። ያም አገር መኪናው ቀኙን ይዞ የሚሄድበት ስለሆነ ከመንገድ ዳር ለሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት ከግራ የሚመጣው ነው። ናይሮቢ ግን መኪናው ግራውን ይዞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚደርስብን ከቀኝ የሚመጣው ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ በእግር መሻገር ይበቃል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ከተማ ግራዬን ይዤ ነድቻለሁ። እጄ አገር ለውጧል፤ አንገቴ ግን አሥመራ ቀርቷል።

እናም የመሻገሪያውን የሜዳ አህያ መስመር ሳልኩ። በሁለቱም ዳር፣ ሰው ከመውረዱ በፊት በሚቆምበት ቦታ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሳልኩ። ከዓይኖቹ ሥር ወደ ግራ የሚያመለክት ወፍራም ቀስት አደረግኩበት። አዳራሹ አጨበጨበ። ከውጭ የመጡት አማካሪዎ እጄን ጨብጠው የማኅበረሰብ ድምፅ ማለት ይህ ነው አሉኝ። እሳቸውም፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መኪናው ቀኙን ከሚይዝበት አገር የመጡ ናቸው። አንገታችን ወዲያው ተግባባ።

አብዱልፈታና አደይ ጽገወይኒ የገቡት ሻይና ማንዳዚ የሚሉት ቦምቦሊኖ ሲታደል ነው። አብዱልፈታ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ማንዳዚውን ገመጠ። አደይ ጽገወይኒ ሥዕሉን አላዩም። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ብቻ አዩና ነጠላቸውን አስተካክለው አብረው አጨበጨቡ።

ቀስቱ በነጭና በቢጫ ቀለም ተቀባ። ስለ ቀለሙ ጥራት ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው፤ የዘንድሮው ዝናብ አስፋልቱን ሲበላው ቀስቱን አልነካውም።

ሦስተኛ፤ ስለ አደይ ጽገወይኒ እግር።

አደይ ጽገወይኒ በየጠዋቱ ተሻግረው ከማዶ ካለችው ሴት ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ይገዛሉ። ናይሮቢ ሲኖሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ማንም ሳያስተምራቸው ወደ ቀኝ እያዩ በሰላም ተሻግረዋል። ቀስቱ ከተቀባ ወዲህ ግን ወደ ግራ ማየት ጀመሩ። ጎመን ሻጯ አይታ ለምን ብላ ስትጠይቃቸው ሰናይ የሳለው ነው ብለው በኩራት አሳይተዋታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከዳቦ ቤት ስመለስ፣ አዎን በመኪና፣ አንዲት ሴት ዓይኖቹ ላይ ቆማ ወደ ግራ ስታይ አየኋት። እኔ የምመጣው ከቀኟ ነበርና ያየሁት የነጠላዋን ጀርባ ብቻ ነው። ረጋ ብላ ወረደች። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዬ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ በጎማው ጩኸት ዘወር ስትል አደይ ጽገወይኒ ሆነው ተገኙ።

ሌላ አገር ያለ ሰው እዚህ ላይ ይሳደባል ወይም ይሮጣል። አደይ ጽገወይኒ እኔ መሆኔን ሲያውቁ መንገዱ መሀል ቆመው እጅ ነሱኝ። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ አሉኝ። እኔስ? አሮጊት ቆመው ሰላም ሲሉኝ ተቀምጬ ልመልስ? በሩን ከፍቼ ወረድኩ። መሪው በቀኝ ስለሆነ በሩ የሚከፈተው ወደ መንገዱ መሀል ነው። እሳቸውም ትከሻ ለትከሻ ሰላም ሊሉኝ ወደዚያው መጡ። ወገቤ እንደተሻለው እየነገርኳቸው ሳለ የቆመችውን መኪናዬን ሊያልፍ የመጣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ከበሩ ለመሸሽ ሲታጠፍ በሞተሩ እግራቸውን መታቸው።

ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ነጂው ልጅ ሞተሩን ጥሎ መጥቶ፣ በስዋሂሊ ይቅርታ እናቴ ለማለት፣ ፖሌ ማማ፣ ፖሌ ማማ እያለ ከእኔ ጋር ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባቸው። ሆስፒታል በር ላይ ለምን እንዳላያቸው ጠየቅኩት። እኔ አይቻቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን ወደ ወዲያ ነበር ሲያዩ የቆዩት አለኝ። ቀጥሎም ያን ቀስት የሳለውን ሰው ባገኘው ብሎ የሚያደርግበትን ዘረዘረ። ራሴን ነቀነቅኩለት።

ስለዚህ ለምርመራ እንዲመች ጥፋተኞቹን በቅደም ተከተል ላቅርብ፦ ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ መኪናውን መንገድ መሀል ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቢሮዎ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው። ቢሮዎ ቀለሙን ብቻ ነው ያቀረበው።

አራተኛ፤ ስለተሰጠኝ መልስ።

በማግስቱ ስልክ ደውዬ ቀስቱ ተገላቢጦሽ ነው አልኩ። ያነሳችው ወይዘሪት ኔኬሳ የምትባለው ባልደረባዎ ናት፤ በስብሰባው ላይ ወረቀቱን የዘረጋችልኝ እሷ ነበረች። ትሑት ልጅ ናት፣ እንዲቀጧት አልፈልግም።  እሷም እውነቱን ነገረችኝ። «ሁላችንም የዚያኑ ዕለት አይተነው ነበር» አለችኝ። «ግን የማኅበረሰቡ ድምፅ ነው። የማኅበረሰብን ድምፅ እንዳናርም ሥልጠና ወስደናል።»

ታዲያ አሁን ማኅበረሰቡ ራሱ ተሳስቻለሁ እያለ ነው አልኳት። ለዚያ የመጀመሪያዎቹ ተሰብሳቢዎች በሙሉ፣ በዚያው አዳራሽ፣ እንደገና መሰብሰብ እንዳለባቸው አስረዳችኝ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ በቀስቱ ምክንያት መራመድ አልቻሉም አልኳት። እንደተሻላቸው እንድንደውልላት ነገረችኝ።

በዚህ ተናድጄ አብዱልፈታ ቤት ገባሁ። አንተስ አይተህ ነበር አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ሰናይ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበልህ፣ ትልቅ ሰው በአደባባይ ይታረማል? በኋላ ለብቻህ ልነግርህ ነበር። በኋላ ደግሞ ደስ ብሎህ አየሁና ተውኩት።»

ክቡር ሆይ፣ ይህን በእኛ ቋንቋ ይሉኝታ እንለዋለን። በእናንተ ቢሮ አሳታፊነት ይባላል። የእኛው ቢያንስ በጀት የለውም።

አምስተኛ፤ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ጥቆማ ነው።

ቀስቱን ራሴ ላጠፋው ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። የሰጣችሁኝን አንጸባራቂ ሰደርያ ለበስኩ። አስካሪ የሚሉት የፎቃችን ዘበኛ ሰደርያውን ሲያይ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ የወታደር ሰላምታ ተሰጥቶኝ አያውቅምና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ዓይኖቹ ጋ ስደርስ ከአጠገባቸው የተተከለውን ሰሌዳ አነበብኩ። ይህ የማኅበረሰቡ ንብረት ነው፤ የሚያበላሽ በሕግ ይጠየቃል ይላል። ተንበርክኬ አሰብኩ። ከሳሽም ተከሳሽም፣ ምናልባትም ምስክር፣ እኔው ልሆን ነው። መጥተው ቢይዙኝ ለፖሊሱ ምን እንደምለው በስዋሂሊ ሞከርኩት፤ አላማረም። ክዳኑን ሳልከፍት ተመለስኩ። ቀለሙ እንዳይደርቅብኝ በረንዳ ላይ ያለውን ወንበሬን ቀባሁበት። ወንበሩ አምሮበታል።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ አደይ ጽገወይኒን ማሳመን ነበር። አብዱልፈታን ይዤ ሄድኩ፤ እሱም እንዲገባው በአማርኛ ተነጋገርን። እግራቸው በጀሶ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተጋድሟል። አደይ፣ ቀስቱ ስሕተት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እባክዎ እንደድሮዎ ወደ ቀኝ ይዩ አልኳቸው።

እኛ ዘንድ አንድ ሰው አጥፍቻለሁ ሲል ትሕትና ነው ተብሎ ስለሚታሰብ የሚሰማው ሰው ኧረ አላጠፋህም ማለት አለበት። አደይ ጽገወይኒም ኧረ ምን አጠፋህ አሉኝ። እንደገና አስረዳሁ። ትሕትናዬን ለአብዱልፈታ አመሰገኑለት። ወረቀት አውጥቼ መንገዱን፣ መኪናውንና ቦዳ ቦዳውን ስዬ አሳየኋቸው። ሥዕሌ እየተሻሻለ መምጣቱን ነገሩኝ። አብዱልፈታ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

በመጨረሻ ልመና ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሳቃቸውን አቁመው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ስማ አንተ ሰናይ፣ ሞኝ አይደለሁም። መኪናው ከየት እንደሚመጣ ካንተ በፊት አውቄዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበልህን ነገር፣ ጎመን ሻጯ እያየች፣ እኔ ጎረቤትህ ላፍርሰው? ነገ ሰው ምን ይላል፣ አደይ እንኳ አላመኑትም አይልም?»

እግርዎ ከስሜ ይበልጣል አልኳቸው። እግር ይድናል አሉ። ጎመኑን እኔ ልግዛልዎ አልኳቸው፤ እስክሞት በእግሬ ነው የምገዛው አሉ። አብዱልፈታ ነው መውጫ ያገኘልን። ታዲያ ማን ቢያፈርሰው ነው ነውር የማይሆነው ብሎ ጠየቃቸው። 

«ከእሱ የሚበልጥ ሰው» አሉ። «የቢሮው ትልቅ ሰው መጥቶ፣ እዚያች ላይ ቆሞ፣ ወደ ቀኝ ካየ እኔም አያለሁ። ያኔ ያፈረሰው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ወደ አንገትዎ ደርሰናል።

ቀስቱ እንዲጠፋ አልጠይቅም፤ ስብሰባ እንደሚያስፈልገው ተረድቻለሁ። ካሣም፣ ብስክሌቱንም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ጠዋት መሻገሪያውን መርቀው ለመክፈት እንደሚመጡ የመጋበዣው ካርድ ይናገራል። ካርዱ እንደሚለው መኪናዎ የሚያወርድዎት ድንኳኑ በተተከለበት በዚያኛው ማዶ ነው፤ ንግግሩም፣ ሪባኑም፣ መክሰሱም እዚያው ነው። ማለትም የመሻገሪያው ምረቃ ማንም እንዳይሻገር ሆኖ በጥንቃቄ ተዘጋጅቷል። ለእንግዶችዎ ደህንነት ያደረጉትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ሆኖም ሪባኑን ከቆረጡ በኋላ፣ ለእኛ ሲሉ፣ ከነጫማዎ ዓይኖቹ ላይ ይቁሙ። ቀስቱ የሚለውን አይስሙት። አንገትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ። ከሩቅ የሚታይ እንዲሆን ትንሽ ያግንኑት። መንገዱ ነጻ ሲሆን ወደ እኛ ማዶ ይሻገሩ።

እዚህ ማዶ አንዲት አሮጊት በጥቁር ወንበር ላይ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ያገኛሉ። ጀሶው የተፈታላቸው በዚህ ሳምንት ነው። ዓርብ ጠዋት ጎመን ለመግዛት ይወርዳሉ። በዚያን ጠዋት ወደ የት እንደሚያዩ የሚወሰነው ሐሙስ ዕለት እርስዎ ወደ የት እንዳዩ ነው። ሲደርሱ ሰላም ይበሏቸው፤ ግን እባክዎ መንገዱን ጨርሰው ከወጡ በኋላ።

ከእርስዎ በታች ያለ ሰው እንደማይበቃ ደግሜ አሳስባለሁ። ወይዘሪት ኔኬሳ ብትሆን ልጅ ናት ይላሉ። አማካሪው እንዳይላኩብን፤ አንገታቸውን አውቀዋለሁ።

በመኪና ለምመላለሰው ለእኔ እግረኛን አደራ ስለሰጡኝ፣ ስሕተቴንም ከእኔ በላይ ስላከበሩልኝ፣ እግርዎ በጤና ማዶ እስኪደርስ ድረስ በአክብሮት ቆሜ እጠብቃለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሰናይ ተወልደመድህን
መንገዱን በመስታወት የሚያውቀው የካሳራኒ እግረኞች ተወካይ

ማሳሰቢያ፦ ለመጋበዣው ካርድ ፎቶ ሊያነሳ የመጣው ሠራተኛችሁ ቀስቱን ከወዲህም ከወዲያም አንስቶ ሲሻገር ከበረንዳዬ አይቼዋለሁ። ሁሌም ወደ ቀኝ ነበር የሚያየው፤ ካርዱም የደረሰን ለዚህ ነው። ሐሙስ ዕለት እኔ ከጥቁሩ ወንበር አጠገብ እሆናለሁ። ከእንግዶችዎ መካከል ቀስቱን አምኖ ወደ ግራ እያየ የሚወርድ ካለ የብስክሌቱን ደወል እደውልለታለሁ። ፕሮግራሙ ከሰጠን ነገር ሁሉ እስካሁን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።